ወፍራም ድብልቅ በስስ አየር፦ ስለ ካርቡራተር ማስተካከያ ቃላት

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ለአሮጌ መኪና ከባድ መፈተኛ ነው። ከከተማው መካከል፣ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የተነሣ መኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዘ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ቮልሱ፣ ሴይቼንቶው፣ ፔጆ 404ቱ ወይም ላዳው ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ ጉልበት ያጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ባለቤቱ የጥገና መጽሐፉን ይገልጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በጣልያንኛ የተጻፈ ነው፤ ያሰበውም ለባሕር ጠለል ቅርብ የሆነ አገር ነው። የአማርኛ ትርጉም ቢገኝ እንኳ፣ ከትርጉሙ አንድ ቃል የሳተ እንደ ሆነ የአንባቢው እጅ ብሎኑን ወደማይገባው አቅጣጫ ያዞራል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በካርቡራተር ሥራ ውስጥ የዕቃ ስሞች ከጣልያንኛም ይምጡ ከሌላ ቋንቋ፣ በጋራዥ ከተለመዱ እንደ ተለመዱ ቢቀሩ ጉዳት የለውም። የሁኔታና የእንቅስቃሴ ቃላት ግን አማርኛ ሊሆኑ ይገባል፤ አማርኛ መሆናቸውም ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደ በዛ፣ ምን እንዳነሰ፣ እጅም ወዴት መዞር እንዳለበት ራሳቸው መናገር አለባቸው።

በመጀመሪያ የዕቃ ስሞቹን ባጭሩ እንመልከት። ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ወደ አፋችን የገቡት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባና በአስመራ ጋራዦች በኩል እንደ ሆነ ይታመናል። አገባባቸው የዘፈቀደ አይደለም። በጣልያንኛ መጨረሻቸው «ኤ» የሆኑት፣ ማለትም ካርቡራቶሬ፣ ራዲያቶሬ፣ ሞቶሬ፣ ፍሪትሲዮኔ፣ ቡሎኔ፣ የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው ካርቡራተር፣ ራዲያተር፣ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ብሎን ሆነዋል። በ«አ» እና በ«ኦ» የሚያልቁት ግን እንደ ካንዴላ፣ እንደ ማርሚታና እንደ ሚኒሞ መጨረሻቸውን ይዘው ቀርተዋል። ካቻቢቴ ከሥርዓቱ ወጥቶ «ኤ»ውን ጠብቋል። ፍሬንና ማርሽ ደግሞ ከጣልያንኛው ፍሬኖና ማርቻ ይልቅ ለፈረንሳይኛው ፍሬንና ማርሽ ይቀርባሉ፤ ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤትና በጅቡቲው ባቡር የነበረውን ስፍራ ለሚያስታውስ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ስለዚህ ካርቡራተር፣ ካርቡሬተር፣ ካርበሬተር እየተባለ በልዩ ልዩ መንገድ ከሚጻፈው ውስጥ የመጀመሪያውን ለመዝገበ ቃላት ዋና ቃልነት እንመርጣለን። የተቀሩት ሁለቱ በእንግሊዝኛ ንባብ የታረሙ መልኮች ናቸው፤ መካኒኩ ከአባቶቹ የተቀበለውን ቃል ለማረም ምክንያት የለንም። «ነዳጅና አየር ቀላቃይ» የሚል አዲስ ስያሜ ይሰጠው የሚል ሐሳብም ሊነሣ ይችላል። ስያሜው ከምንጩ ቃል ይልቅ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ካርቡራተር የሚለው ከፈረንሳይኛው ካርቢውር፣ ማለትም ካርቦን ካለበት ውሁድ ስም የወጣ በመሆኑ ስለ አየርም ሆነ ስለ መቀላቀል የሚናገረው ነገር የለም። ነገር ግን ካርቡራተር ዛሬ ካርቡራተሩ፣ ካርቡራተሮች፣ ባለ ካርቡራተር እየተባለ በአማርኛ ሰዋስው ሥር ገብቶ ያድራል። ቤቱን ለምዶ የተቀመጠን ቃል አስነሥቶ ሌላ ማስገባት ለሠራተኛውም ለአንባቢውም ድካም ነው። ቀላቃይ የሚለው ለፍቺው ይጥቀም፤ ስሙ ይቆይ።

የሥራ ቃላት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ካርቡራተር የሚሠራው በመምጠጥ ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ በኩል እየፈጠነ ያልፋል፤ በጠባቡ ስፍራ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከተንሳፋፊው ቤት የተቀመጠው ቤንዚንም በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ተንሳፋፊው የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው በጣሪያ ላይ ባለ የውኃ ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ውኃውን በሚጠብቅበት መንገድ ነው፤ ከፍ ሲል መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል፤ ዝቅ ሲል ይከፍታል። እንግዲህ አሽከርካሪው በእግሩ የሚያዝዘው ቤንዚኑን ሳይሆን አየሩን ነው። በጉሮሮው ግርጌ ያለችውን ክብ ሳህን ከፍቶ አየር እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ቤንዚኑ አየሩን ተከትሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ይገጥመናል። በአገራችን ያቺ የእግር መርገጫ የምትጠራው «ነዳጅ መስጫ» ተብላ ነው። ስሙ በውጤቱ የተሰጠ መልካም ስም ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ ተማሪም ይበቃዋል። ተርጓሚው ግን ይህንኑ ስም ወስዶ በጉሮሮው ውስጥ ያለችውን ሳህን «የነዳጅ መስጫ ክዳን» ቢላት፣ አንባቢው ክዳኗ ስትከፈት ቤንዚን የምታፈስ ይመስለዋል፤ «ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ድብልቁ ቤንዚን አነሰው» የሚለው ዐረፍተ ነገርም ትርጉም ያጣበታል። ስለዚህ መርገጫዋ ነዳጅ መስጫ እንደ ተባለች ትቅር፤ ሳህኗ ግን «የአየር በር» ትባል። ከእርሷ በላይ ያለችውና ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የምታግደው ሁለተኛዋ ሳህን ደግሞ «የአየር ማነቂያ» ትባል። «ቾክ» የሚለው የውሰት ቃል ለብዙ አንባብያን የሚያስታውሰው ጠመኔን ነው፤ ማነቂያ የሚለው ግን ምን እንደሚታነቅ ከፊቱ ባለው ቃል ይናገራል። «አየር» የሚለውን መተው ግን አይገባም፤ ማነቂያ ብቻ ሲባል ሞተር ማጥፊያ የሚመስለው አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንግሊዝኛ ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ በሀብት፣ ቤንዚን ያነሰውን በክሳት ስም ይጠራዋል፤ ፈረንሳይኛ ሀብታምና ድኻ ይላል። በአማርኛ «ሀብታም ድብልቅ»፣ «ድኻ ድብልቅ» ቢባል ሰዋስዉ አይፈርስም፤ መልእክቱ ግን አይደርስም። በምን የበለጸገ ነው? በአየር ነውን ወይስ በቤንዚን? በአማርኛ ሀብት የገንዘብና የከብት እንጂ የጣዕም ወይም የውፍረት ቃል አይደለም። ጀርመንኛና ጣልያንኛ ግን በሌላ መንገድ ሄደዋል። ጀርመኑ ፌትና ማገር፣ ጣልያኑ ግራሳና ማግራ ሲል ሁለቱም «ወፍራምና ቀጭን» ማለታቸው ነው። ይህ መንገድ ለአማርኛ የተዘጋጀ ይመስላል። ቡና ስናዝዝ ወፍራም ወይም ቀጭን እንላለን፤ ወጡ ቀጠነ፣ አጥሚቱ ወፈረ፣ ጠላው ቀጠነ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ የቀጠነው ውኃ የበዛበት፣ የወፈረው ዋናው ነገር የበዛበት ነው፤ ለዚህ ፍቺ የሚያስፈልገው ሰው የለም። አየርን በውኃው ቦታ፣ ቤንዚንን በቡናው ቦታ ብንተካ «ወፍራም ድብልቅ» ቤንዚን የበዛበት፣ «ቀጭን ድብልቅ» አየር የበዛበት መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ግሦቹም ተዘጋጅተው ይጠብቁናል፤ ወፈረ፣ አወፈረ፣ ቀጠነ፣ አቀጠነ። «ድብልቁን አቅጥን» የሚል ትእዛዝ የማይገባው መካኒክ አይኖርም።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ እንጦጦን ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣነውም ስለዚህ ነው። ከፍ ባለ ስፍራ ያለውን አየር ብዙ ተርጓሚዎች «ቀጭን አየር» ይሉታል። እንግዲህ በከፍታ ላይ የሚሆነውን እንይ። በ2,400 ሜትር የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ባለው በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከአራት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ካርቡራተሩ አየሩን በክብደት መዝኖ አያውቅም፤ የሚያውቀው በጉሮሮው የሚያልፈውን መጠን ነው። አየሩ ሲቀል የሚስበው ቤንዚን በተመሳሳይ ልክ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ድብልቁ ይወፍራል። በባሕር ጠለል 14.7 ክብደት አየር ከ1 ክብደት ቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል የተስተካከለ ካርቡራተር በአዲስ አበባ ወደ 13 በመቶ፣ በእንጦጦ ወደ 17 በመቶ ይወፍራል፤ ምጣኔውም ወደ 13 እና ወደ 12.6 ይወርዳል። ለአየሩም ለድብልቁም አንድ ቃል የሚጠቀም ተርጓሚ እንግዲህ «አየሩ ሲቀጥን ድብልቁ ይወፍራል» ብሎ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ አንባቢው ግን የኅትመት ስሕተት መስሎት ያርመዋል፤ ያረመውም እንደ ሆነ ሥራው ሁሉ ይገለበጣል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፤ ሳሳ። ጨርቅ ይሳሳል፤ ጠጉር ይሳሳል፤ ደን ይሳሳል። የሳሳ ጠጉር ማለት በዚያው ራስ ላይ የጠጉሩ ቍጥር ያነሰ ማለት ነው፤ የሳሳ አየር ማለትም በዚያው ስፍራ የአየሩ ቅንጣት ያነሰ ማለት ይሆናል። ለሳይንሱም ከዚህ የቀረበ ቃል አናገኝም። ስለሆነም አየር ይሳሳል፣ ድብልቅ ይቀጥናል፤ ሁለቱ ቃላት በምንም ምክንያት ስፍራ እንዳይለዋወጡ እናሳስባለን። «በእንጦጦ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ይወፍራል» ሲባል ማንም ለማረም አይቸኩልም። (እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ከዚያው ስስ አየር የሚጠቀሙ ናቸው፤ ለአንዱ መሣሪያ ችግር የሆነው ለሌላው ጥቅም ነው።)

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። በእንጦጦ ዳገት ጉልበት ያጣ መኪና ሁሉ የተበላሸ አይደለም። የአየሩ አራተኛ እጅ ከጎደለ የሞተሩም ጉልበት አራተኛ እጅ ያህል ይጎድላል፤ ይህን ጉድለት የሚመልስ ብሎን በካርቡራተር ላይ የለም። የጥገና መጽሐፍ «ጉልበት መቀነስ» እና «ጉልበት ማጣት» በሚላቸው መካከል ልዩነት ሲያደርግ፣ የመጀመሪያው የተፈጥሮ፣ ሁለተኛው የብልሽት መሆኑን ተርጓሚው ሊጠብቅ ይገባል፤ አለዚያ አንባቢው ደኅናውን ካርቡራተር ሲፈታ ይውላል። ደግሞም አራት ኪሎ ላይ በሚገባ የተስተካከለ መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ ድብልቁ የሚወፍርበት መጠን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ጥቁር የሚያጨስ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ከታች ይዞት የመጣ ነው፤ ዳገቱ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ስላስረገጠው ብቻ ገለጠው።

ምልክቶቹን ለመጥራት የመካኒኩ አፍ ከተርጓሚው መዝገበ ቃላት ይበልጣል። ሞተሩ ይደናቀፋል፣ ይተኩሳል፣ ሚኒሞ አልይዝ ይላል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ አልነሣም ይላል። ድብልቁ ሲወፍር ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል፤ የቤንዚን ሽታ ከማርሚታው ይወጣል። ድብልቁ ሲቀጥን ካንዴላው ይነጣል፤ ሞተሩ ይግላል፤ በካርቡራተሩ በኩል መልሶ ይተኩሳል። ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲረገጥ ለአፍታ ብቻ የሚደናቀፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ በእግሩ ርግጫ ጥቂት ቤንዚን ወደ ጉሮሮው የምትረጨው የትንሿ መርጫ ፓምፕ ነው። ለመለየት የሚጠቅም ቀላል ፈተናም አለ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ የአየር ማነቂያውን በጥቂቱ መሳብ ነው፤ ሞተሩ ከተሻለው ድብልቁ ቀጥኖ ነበር፤ ከባሰበት ወፍሮ ነበር። ማነቂያ፣ ወፍራም፣ ቀጭን የሚሉት ቃላት በአንድነት መሥራታቸው የሚታየው በእንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ በሀብታምና በድኻ የተጻፈው ይኸው ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ መነበብ ያሻዋል።

ድብልቁ በዋናው የሥራ መስመር የሚመጠነው ቤንዚኑ በሚያልፍበት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ነው። እንግሊዝኛው ቃል «ጄት» ተብሎ ቢጻፍ ለአማርኛ አንባቢ የጦር አውሮፕላን ነው። ስለዚህ «መመጠኛ ቀዳዳ» እንለዋለን፤ መጠነ የሚለው ግሥ ለምጣድም ለጨውም የሚነገር፣ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነውና። በሶሌክስና በዌበር ካርቡራተሮች በቀዳዳው ራስ ላይ የሚጻፈው ቍጥር ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መቶኛ ያመለክታል፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። በዌበር ፈቃድ የተሠራው የላዳ ካርቡራተርም በዚሁ አቈጣጠር ይሄዳል። በባሕር ጠለል 125 የሚስማማው ሞተር በስሌት ሲታይ በአዲስ አበባ 117.5፣ በእንጦጦ ላይ ለሚውል 115 ገደማ ይበቃዋል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን የሚሰጠው የካንዴላው መልክ ነው። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። ቀዳዳውን በሽቦ መወልወል እንዴት ያለ ጥፋት እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል፤ ለስላሳውን ነሐስ ሽቦው ጥቂት ቢቀደው የከፍታው ማስተካከያ ሁሉ ይጠፋል፤ በራሱ ላይ የተጻፈው ቍጥርም ከእንግዲህ ሐሰት ይሆናል። ማጽጃው ቤንዚንና የአየር ግፊት ነው። መጽሐፎቹ «ቀዳዳውን አጽዳ» ብለው ሲያልፉ ተርጓሚው «ያለ ሽቦ» የሚለውን ቢጨምርበት ከታማኝነት ወጣ አንለውም።

ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ፣ ማለትም በሚኒሞ ጊዜ፣ ድብልቁን የሚወስነው ግን ብሎን ነው፤ ትልቁ የትርጉም ስሕተትም የሚፈጸመው እዚህ ነው። የጥገና መጽሐፎች ይህን ብሎን አብዛኛውን ጊዜ «የድብልቅ ብሎን» ይሉታል። ነገር ግን ብሎኑ ሁለት ዓይነት ነው። ከአየር በሩ በታች የሚከፈተውና ለሞተሩ ቤንዚን የሚያሳልፈው ወደ ውጭ ሲዞር ድብልቁን ያወፍራል፤ የቮልስ ሶሌክሶች ላይ ያለው ይህ ነው። በሌሎች ካርቡራተሮች፣ በተለይም በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ፣ ብሎኑ የሚያሳልፈው አየር ስለሆነ ወደ ውጭ ሲዞር ድብልቁን ያቀጥናል። አንድ ስም፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ። ስለዚህ «የድብልቅ ብሎን» የሚለው ስም ከመዝገበ ቃላት ቢወጣ እንመርጣለን፤ በምትኩ «ቤንዚን አሳላፊ ብሎን» እና «አየር አሳላፊ ብሎን» ይግቡ። አሳላፊ በግብር ቤት መጠጥ የሚያቀርበው ሰው ስም ነው፤ ማን ምን እንደሚያሳልፍ ከታወቀ በሩ ሲከፈት ምን እንደሚበዛም ይታወቃል። በኋለኛው ዘመን ቮልስ ላይ በሚገኘው በሶሌክስ 34 ፒክት 3 ደግሞ ጎን ለጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትንሹ ቤንዚን አሳላፊው ነው፤ ትልቁ የአየር በሩን ዞሮ በሚያልፍ መንገድ የሞተሩን ፍጥነት ይወስናል። ሁለቱንም «የሚኒሞ ብሎን» ብሎ መተርጎም ሰውን ማሳሳት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ቃል አለ፤ አጥብቅ። መጽሐፉ ብሎኑን ወደ ውስጥ አዙር ሲል ብዙዎች «አጥብቅ» ብለው ይመልሱታል፤ በጋራዥ ልማድ ብሎን ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላልና። ይህ ብሎን ግን ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። ባለሙያው እንደ ታዘዘው ካጠበቀው ጫፉ በመቀመጫው ላይ ተጭኖ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያዞሩት ድብልቁ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል እንጂ በልክ አይቆምም። ማዞርና ማጥበቅ ሁለት ሥራዎች ናቸው። የሚከተለውን ለአብነት ያህል ጽፈነዋል፤ ለቮልስ የሚሆን ነው፤ ካንዴላው፣ የቫልቩ ክፍተትና የማቀጣጠያ ጊዜው አስቀድሞ እንደ ተስተካከለ እንቈጥራለን፦

«ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ይጥፋ። የአየር ማነቂያው ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይረጋገጥ፤ የአየር ማጣሪያው ከቦታው አይነሣ። ቤንዚን አሳላፊው ብሎን መቀመጫውን እስኪነካ ድረስ በቀስታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ አይጥበቅ። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ወደ ውጭ ይመለስና ሞተሩ ይነሣ። ብሎኑ በትንሽ በትንሹ ወደ ውስጥ ሲዞር ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩ መደናቀፍ ሲጀምር ይቁም። አሁን ወደ ውጭ ሲዞር ድብልቁ ይወፍራል፤ ሞተሩም ይፈጥናል፤ ፈጥኖ ከረጋበት ይቁም። ሚኒሞው ከፍ ካለ በፍጥነት መወሰኛው ብሎን ዝቅ ይደረግ። ከፍ ባለ ስፍራ ብሎኑ የሚረጋው መጽሐፉ ከሚለው ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው።»

አንባቢው እንደሚያስተውለው ከ«ይቀጥናል» እና ከ«ይወፍራል» በቀር እንግዳ የሆነ ቃል የለበትም፤ እነርሱም እንግዳ የሆኑት ለጋራዥ እንጂ ለቤት አይደለም። «ዙር» ግን የብሎኑንም የሞተሩንም መዞር ስለሚያመለክት ለሞተሩ «ፈጠነ» ማለትን መርጠናል።

የእንጦጦን ማለዳ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር ቤንዚኑ ስለማይተንለት የአየር ማነቂያውን ይሻል፤ አየሩ ግን ስስ ስለሆነ ድብልቁ አስቀድሞ ወፍሯል። ስለዚህ ማነቂያው በዚያ ስፍራ መጽሐፉ ካዘዘው ጊዜ ባጭሩ መመለስ አለበት፤ ቢዘገይ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ፤ መኪናውም እስኪደርቁ ድረስ አይነሣም። በቀትር ደግሞ የተለየ ነገር ይገጥማል። ግፊቱ ዝቅ ባለበት ከፍታ ፈሳሽ ሁሉ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ውኃ በእንጦጦ ጫፍ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቤንዚኑም በጋለው ሞተር አጠገብ በሚያልፈው ቧንቧ ውስጥ ይተንና አረፋ ይሆናል፤ ፓምፑ አረፋ መግፋት አይችልም። መኪናው ቀጥ ብሎ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ይህን «የእንፋሎት መቈለፍ» ብሎ መተርጎም ቁልፍ ያስፈልጋል፤ «ቤንዚኑ በቧንቧ ውስጥ ተነነ» ማለት ይበቃል፤ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ማድረግ የሚረዳበትንም ምክንያት ያሳያል። ጥቁር ጭስ የሌለው፣ ካንዴላውም ያልጠቆረ ከሆነ ተጠያቂው ይህ እንጂ ካርቡራተሩ አይደለም።

የስሕተቱ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ግን በመውረድ ነው። የወፈረ ድብልቅ ቤንዚን ያባክናል፤ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ሞተርን ግን ወዲያው አይገድልም። የቀጠነ ድብልቅ ሙቀት ያበዛል፤ ቫልቭ ያቃጥላል፤ ፒስቶን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ለእንጦጦ የተመጠነ ካርቡራተር ያለው መኪና በዚያው ልኩ ወደ አዋሽ ሜዳ፣ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቢወርድ ድብልቁ ወደ 10 በመቶ ይቀጥናል፤ ያውም በቆላው ሙቀትና በረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በፍጥነት እየተነዳ። ቃሉ የተምታታበት አንባቢ «አየሩ ወፈረ፣ ስለዚህ ድብልቁም ወፈረ» ብሎ የበለጠ ያቀጥነዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ አሮጌዎቹ ባለ ካርቡራተሮች የሚጠገኑበት እውቀት ከጥቂት ባለሙያዎች አፍ ሳይጻፍ ሊቀር እንደሚችል የሚያስቡ አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ነን።

በመጨረሻ የሥራው ሁሉ ስም ምን ይሁን? «ማስተካከል» ለእያንዳንዱ ብሎን ይሠራል፤ የተለያዩ ክፍሎችን እርስ በርሳቸው አስማምቶ ሞተሩ በአንድ ድምፅ እንዲሠራ ማድረግን ግን አይገልጽም። እንግሊዝኛው ለዚህ የሚጠቀምበት ቃል የሙዚቃ መሣሪያን ድምፅ ለማስማማትም የሚያገለግለው ነው፤ አማርኛም የራሱ ቃል አለው። የክራር ደርዳሪ አውታሩን ወጠር ላላ እያደረገ በጆሮው እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ካቻቢቴ የያዘው መካኒክም ብሎኑን እያዞረ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። መካኒኮች ይህን ቃል ዛሬ እንደማይሉት እናውቃለን፤ ካልተቀበሉትም አንጨቃጨቅም። ለውይይት እንዲሆን ረቂቁን እናቀርባለን፦

ቃኘ (ግ.)፦ 1. የክራርን፣ የበገናን ወይም የመሰንቆን አውታር ድምፅ አስማማ። 2. አካባቢን ዞሮ ተመለከተ፤ ሰለለ። 3. (መካኒክ) የሞተርን ድብልቅ፣ የማቀጣጠያ ጊዜና ሚኒሞ እርስ በርስ አስማማ። ምሳሌ፦ «ቮልሱ የተቃኘው ለእንጦጦ ስለ ነበረ አዋሽ ሲደርስ ሞተሩ ጋለ።»